ሩቂያ አላፈጠጠችብኝም

ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያለሁ። ሰው ማማቴን፣ ከእህቴ ጋር ተኳርፌ ሰባት ዓመት አለመነጋገሬንም ነግሬያለሁ። የሩቂያን ነገር ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። ባሌ እንኳ ሳያውቀው ሞተ። ዛሬ ለእናንተ የምነግረው ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ስለማታውቁኝ ነው።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት በፊት ኢተያ አስተምር ነበር። የአሰላ ልጅ ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ አራተኛ ክፍል ተሰጠኝና አገር የምገዛ መሰለኝ። ተማሪዎቹ «እትዬ» ሲሉኝ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነበር። ታላቅ ሲናገር ልጅ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት።

ሩቂያ ግን መሬት አታይም። ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡት የጋሽ ከድር ልጅ ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በመስከረም ጽሕፈቷን ለሌሎቹ እያዞርኩ አሳይላት ነበር። ከገና በኋላ ተለወጠችብኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ወንበር ላይ አትረጋም፣ እኛ በጠዋቱ ብርድ ስንኮማተር እሷን ያልባታል። ከሁሉ የባሰው ዓይኗ ነበር። ስቆጣት ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ፣ ነጩ ከላይም ከታችም እስኪታይ፣ ትክ ብላ ታየኛለች። «ዓይንሽን ስበሪ!» እላታለሁ። አንገቷን ትደፋለች፤ ቀና ስትል ያው ነው። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ።

መታኋት። አንዴ አይደለም። መዳፏን በማስመሪያ መታኋት፤ በሰልፍ ሰዓት ባንዲራው ሥር አንበረከክኳት። ያም አልበቃኝም። «አባትሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት።

ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። አባቴ የሚሆኑ ሰው እኔን እርስዎ ይሉኛል። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ቤትም እንዲሁ ሆናብናለች። ትበላለች፣ ትበላለች፣ ሥጋዋ ያልቃል» አሉኝ። ትበላለች፣ ሥጋዋ ያልቃል! ሰውዬው ሕመም እየነገሩኝ እኮ ነው! እኔ የሰማሁት ይቅርታውን ብቻ ነበር። «ልጅዎን ዓይን አውጣ አድርገው ነው ያሳደጉት» አልኳቸው፣ በሰው ፊት። ፊታቸው ጠቆረ። እዚያው በጥፊ መቷትና ጉልበቴ ላይ ወድቃ እንድትስም አደረጓት። እኔም ቆሜ ተሳምኩ።

በሳምንቱ፣ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከአሰላ አንድ የጤና ረዳት፣ ያኔ ድሬሰር የምንለው፣ የፈንጣጣ ክትባት ሊሰጥ ትምህርት ቤታችን መጣ። የሩቂያ ተራ ሲደርስ መርፌውን አስቀምጦ አንገቷን ዳሰሰ፤ የልቧን ምት ቆጠረ፤ እጇን አስዘርግቶ መንቀጥቀጡን አየ። ከዚያ እሷን ወደ ክፍል ሰደደና ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ይቺ ልጅ በጣም ታማለች። አንገቷ ውስጥ ያለው ዕጢ ነው፣ እንቅርት የሚያወጣው። ዓይኗንም ወደ ውጭ የገፋው ይኸው በሽታ ነው። ቆቡ ተኝታ እንኳ አይከደንላትም፤ እንዲህ ከቆየ ይቆስላል። ለአባቷ ዛሬውኑ ንገሪያቸውና አሰላ ይውሰዷት።»

«እሺ» አልኩት።

አልነገርኳቸውም። ሱቃቸው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነበር፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ሳሙና ገዝቻለሁ፣ ክብሪት ገዝቻለሁ፣ ደኅና ዋሉ ብዬ ወጥቻለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? የመታኋት፣ ያንበረከክኳት፣ በእርስዎም ያስመታኋት ታማ ኖሮ ነው ልበል? ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ልጅቷን ጠልቼ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ አልጠላኋትም፣ ይሄ ነው የሚያበግነኝ! አንዲት ዐረፍተ ነገር እኮ ናት። ሰው ዐረፍተ ነገር እያስተማረ ደሞዝ ይበላል፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ታቅተዋለች?

መምታቱንስ አቆምኩ። ጉድ በሉ፣ እሱን ለራሴ እንደ ደግነት ቆጠርኩት! ከዚያ እንዳላያት የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ሻሿን እስከ ግንባሯ ጎትታ ትቀመጣለች። ሚያዝያ ላይ ቀኝ ዓይኗ ቀላ፣ ውሃ ያፈስ ጀመር። አቧራ ነው አልኩ። እያወቅሁ አቧራ ነው አልኩ። ግንቦት ሲገባ መምጣት አቆመች።

አባቷ ራሳቸው ናቸው ሕመሙ ሲብስባት አሰላ የወሰዷት፤ ከዚያም አዲስ አበባ። በሽታው በመድኃኒት በረደላት። ቀኝ ዓይኗ ግን ቆስሎ ነበርና ነጭ ሆኖ ቀረ። መመለሳቸውን ስሰማ እግዜር ይማርሽ ልል ሱቃቸው ሄድኩ። ወግ ነዋ። ጋሽ ከድር ወንበር ጠርገው ሰጡኝ።

«ሐኪሙ፣ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ዓይኗ ይተርፍ ነበር አለን» አሉኝ። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ እትዬ፣ ከየት ልወቀው? የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

ሩቂያ ባንኮኒው ጥግ ተቀምጣ በቀረላት ዓይን ታየኛለች። ያኔ መናገር እችል ነበር። ሊረግሙኝ፣ ሊከሱኝ፣ ከሱቃቸው ጎትተው ሊያወጡኝ ይችሉ ነበር፤ መብታቸው ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ምን ይደረግ ጋሽ ከድር፣ የአላህ ሥራ ነው» አልኩ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ስለመጣሁላቸው አመስግነው እስከ በር ሸኙኝ።

በዓመቱ ወደ ጢቾ ተዛወርኩ። ጋሽ ከድር መሞታቸውን በወሬ ሰማሁ። የኔን ጥፋት ከፈጣሪያቸው እንደመጣ ተቀብለው ኖረው ሞቱ። ሩቂያ የት እንዳለች አላውቅም፤ እውነቱን ልናገርና ፈልጌያትም አላውቅም። ብትኖር ይቅር በይኝ ማለት እንኳ ምኑን እንደሆነ ከመጀመሪያው ማስረዳት ይጠይቃል፤ እስከ ዛሬ የፈራሁትም እሱን ነው።

እናንተ ደግሞ ልጅነት ነው፣ ያኔ ስለዚህ በሽታ ማን ያውቅ ነበር እንዳትሉኝ። እኔ ዐውቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ዐውቅ ነበር።