የቀትር ቆቅ

አባባ ከቤት መውጣት ካቆመ ወዲህ የሚለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆቅ ድምፅ። ምግብ አያማርጥም፣ መድኃኒቱንም እኔ ካላስታወስኩት ትዝ አይለውም። ጠዋት ከፒያሳ የሚወርዱት ባጃጆች መንጫጫት ሲጀምሩ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ይሄኔ አምባ ጊዮርጊስ አውራው ቆቅ ድንጋይ ላይ ወጥቷል» ይላል። ምን ልበለው? መንገዱ ተዘግቷል። ቢከፈትስ በየትኛው ጉልበቱ?

ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ለገበያ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ አንድ ገበሬ ወዳጁ ቤት ያድራል፤ እኔ «አያ» እያልኩ ነው የምጠራው። እኛ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ አያ በወጥመድ ይዞ የሚልክልን ቆቅ ሁልጊዜ ከነነፍሱ ይመጣል፤ እግሩ ታስሮ፣ በቅርጫት፣ በአውቶቡስ። ራስህ ባርከህ እረደው ማለቱ ነው። ለአያ ሌሎች ወዳጆች ቆቅ ወጥ ብቻ ነበር። እኛ ቤት ግን መጀመሪያ ዓይኑን አይተነው፣ ግቢ ውስጥ ሲጭር አድሮ፣ ከዚያ ነበር ወጥ የሚሆነው። አባባ በዚህ ብዙም አይጨነቅም ነበር፤ ያርዳል፣ ጣቱን እየላሰ ይበላል።

ሱቁን ከተረከብኩ በኋላ አንድ ጥቅምት አብሬው ወጣሁ። አያ ከቤቱ በታች ባለው መስክ ሣር ያጭዳል። በመሃል ድንገት ቆመና በማጭዱ ጫፍ አመለከተን። መጀመሪያ ደረቅ ሣር እንጂ ምንም አልታየኝም። ቆይቶ ሣሩ ውስጥ አንዲት ዓይን አየሁ። ቆቋ መሬቱን በትንሹ ጭራ፣ ጭድ አንጥፋ፣ እንቁላሏ ላይ ተኝታለች። እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ።

አባባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለምን አትበርም?» አለ።

«ምነው፣ እንቁላሏን ጥላ?» አለ አያ። «ብትረግጣት እንጂ አትነሳም። ጫጩቶቿ በተፈለፈሉ ቀን እግር ያወጣሉ፤ ያኔ ተከታትለው ይሄዳሉ። እስቲያ ድረስ ቤቷን አላፈርስባትም።»

ዙሪያዋን አጭዶ እሷ ያለችበትን ጉች አድርጎ ተወው። ነቃ ያለ ሰው ቆቅ ይባላል፤ እኔ ግን ቆቅ ሲባል ትዝ የምትለኝ ያቺ ንቅንቅ ያላለችው ናት።

ማታ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አውራው ካብ ላይ ወጥቶ ስሙን ራሱ ጠራ። አባባ የያዘውን ብርጭቆ መጠጣት ረሳ። አያ ሳቀበትና «ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ነው ወጉ» አለው። «ቀትር ላይ የጮኸ ቆቅ ራሱን ለጭልፊት ሰጠ በለው።»

በማግስቱ ስንለያይ አባባ «ከእንግዲህ አትላክልኝ፤ እዚያው ይጩህልኝ» አለ። አያም እሺ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ቅርጫት መጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከአባባ ተደብቄ ለአያ ደወልኩ። አባባ የቆቅ ድምፅ እንደናፈቀው ነግሬ፣ ስልኩን ወደ መስኩ እንዲይዝልኝ ለመንኩት።

«የቱ መስክ ልጄ?» አለኝ። ድምፁ በሳል ተቆራረጠ። «ባሕር ዛፍ ሆኗል እኮ። ቆቅ ከሰማሁ ሰነበትኩ።»

ለአባባ መንገር አልሆነልኝም። ያ መስክ እኔንም ይናፍቀኛል፤ ጉች ብሎ የቀረው ሣር በዓይኔ ላይ ይሄዳል። አባባ ግን ናፍቆቱን ይዞ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ትናንት የዙህር አዛን እንዳለቀ ስልኬ ጮኸ። አያ ነው። «ጆሮው ላይ አድርጊለት» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ድምፁን ከፍ አድርጌ አስጠጋሁለት። ከዚያ ቆቅ፣ ቆቅ፣ ቆቅ፣ ቆቅ፤ ፈጠን ብሎ ጀምሮ እየላላ ወረደ። መጨረሻው ላይ ቆቁ ሳል ያዘው።

ስልኩ ተዘጋ። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። በፈገግታና በልቅሶ መካከል ያለ ፊቱን ሳይ አንገቴን አቀረቀርኩ።

«ሸጋ አድርጎ ጮኸ» አለ።

ከዚያ እጄን ፈልጎ ያዘኝ። «ደውዪለት፣ ቀትር ነው። ጭልፊት ሳያየው ወደ ቤቱ ይግባ በዪው።»