ወንበር ስንቀባበል

በጃንሆይ ዘመን ዲላ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሳለሁ ሥራውን ያስተማረኝ ኮርስ አይደለም። ከወንበሩ የምትነሣው ተረኛ ለምትቀመጠው በጆሮዋ የምትነግራት ወሬ ነው። የትኛው መስመር ዝናብ ሲመጣ እንደሚንጫጫ፣ የትኛው ነጋዴ «ትንሽ ይጠብቁ» ሲሉት እንደሚሳደብ፣ በመገናኛው ሰሌዳ ላይ የትኛው የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ እንደሞተና ደንበኛው ወደየትኛው እንደተዛወረ፣ ሁሉን በሹክሹክታ እንቀባበል ነበር። የራሳችንም ጉዳይ አብሮ ይገባል። እህቴ አግብታ ጨለለቅቱ እንደምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ እግሯ እንዳበጠ፣ ከእኔ በፊት የምትቀመጠው ባልደረባዬ ከእናቴ እኩል ታውቅ ነበር።

አንድ ሰሞን ከአውራጃ ገዥው ቢሮ በስልክ የተነገረ ነገር ከተማው ውስጥ ተሰማ። ማን እንዳወጣው ዛሬም አላውቅም። ኃላፊያችን ጠረጴዛውን አምጥቶ በሩ ሥር ተከለና «ከዛሬ ጀምሮ ወንበር ስትቀያየሩ አንዲት ቃል የተነፈሰች፣ በስልክ የሰማችውንም ውጭ ያወራች፣ በዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች» አለን። ሰውየው ቀልድ የሚባል አልፈጠረበትም። ፈራን፣ በጣም ፈራን። ባልደረባዬ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትነሣለች፤ እኔም እንደ ሌባ ተሸማቅቄ እቀመጣለሁ።

እኔ ደግሞ በእህቴ ምክንያት ሌላ ፍርሃት ነበረብኝ። ሰው ሲደውል ሰሌዳው ላይ የመስመሩ ትንሽ ክዳን ጠብ ትላለች። የጨለለቅቱዋ በወደቀች ቁጥር ልቤ አብሮ ዱብ ይል ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ባልደረባዬ በዝምታ ተነሥታ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ገና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳላደላድል፣ የጨለለቅቱ ክዳን ወደቀች። የዚያው ክሊኒክ ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳቱ፣ ነበር።

«አሎ! ዲላ! ጤና ጣቢያ አገናኚኝ እህቴ፣ ቶሎ በይ! ወላድ አለችብኝ፣ ደሙ አልቆም አለ፣ መኪና ይላኩልን!»

ማን ናት ብዬ ሳልጠይቅ የጤና ጣቢያው ቀዳዳ ውስጥ ገመዱን ሰክቼ ደወልኩ። ዝም። መዘወሪያውን እንደገና አዞርኩ። አሁንም ዝም። ኋላ እንደሰማሁት ጠዋት ቀዳዳው ተበላሽቶ መስመሩን ወደ ሌላ አዛውረውት ኖሯል፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ ባልደረባዬ ነበረች። ድሬሰሩ «አለሽ? አለሽ ወይ?» ይላል።  ዞር ብዬ ባልደረባዬን ሳያት በሩ ጋ ደርሳለች። ኃላፊው ቀና አለ።

እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ተመልሳ መጣች። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ገመዱን ከእጄ ወሰደችና በታችኛው ረድፍ ጥግ ላይ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ሰካችው። ወዲያው «ጤና ጣቢያ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰዎቹ ከተገናኙ በኋላ ማዳመጥ ክልክል ነው። አዳመጥኩ። ድሬሰሩ የወላዷን ባል ስም ሲናገር ሰማሁ፤ የእህቴ ባል ነው።  እሪ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ኃላፊው እያየኝ ስለነበር መልሼ ዘጋሁት። ተራዬ እስኪያልቅ ከወንበሩ መነሣት አልችልም፤ እናቴ ደግሞ ምንም ሳታውቅ እቤት ተቀምጣለች። ባልደረባዬ ፊቴን ትንሽ አየችና ወጣች። እንዴት አይዞሽ እንኳ ሳትለኝ ትሄዳለች ብዬ ጠላኋት።

ተራዬ ሲያልቅ እየሮጥኩ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እናቴ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣለች። መኪናው ያመጣት እህቴ እንደተረፈች፣ ሕፃኑ ግን እንዳልተረፈ የነገረችኝ እሷ ናት። ተቃቅፈን አለቀስን።

«ለመሆኑ ማን ነገረሽ እማዬ?» አልኳት።

«ማንም አልነገረኝም። ያቺ ጓደኛሽ መጣች። ምነው፣ ምን ሆንሽ ብላት አትመልስም። ነጠላዬን ከመስቀያው አውርዳ አለበሰችኝና እጄን ይዛ አምጥታ እዚህ አስቀመጠችኝ። ልጄ፣ አፏ ተዘጋ እንዴ ያቺ ልጅ?»