ሳይጠይቁኝ የተዘጋው ፍንጭቴ

ሐኪሟ መስታወቱን ስታቀብለኝ «በጣም ያምራል፣ አመሰግናለሁ» ያልኩት ለምን ነበር? ይኸው ስንት ጊዜ አለፈው፣ መልሱን አላገኘሁትም። የአንሶላ ጠርዝ አንድ ጣት ከተዛነፈ አልጋውን አፍርሼ እንደገና የማነጥፍ፣ መጽሐፍ ላይ የማተሚያ ስሕተት ካየሁ በእርሳስ ሳላርም ገጹን የማልገልጥ ሴት ነኝ። በገዛ ጥርሴ ጉዳይ ግን አፌ ተያዘ።

ነገሩ የተጀመረው በሸንኮራ ነው።

ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ጡረታ በወጡ አንዲት የአገሩ መምህርት ቤት ተቀጥሬ እዚያው እኖር ነበር። ማዳም እላቸዋለሁ። ፈረንሳይኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ስለሆነ፣ ሰው «እስቲ አንብቢልኝ» ሲለኝ ዛሬም የተሸለምኩ ይመስለኛል።

አንድ ያገሬ ልጅ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፤ ጭነት ሊያነሳ በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ መጽሐፍ ያመጣልኛል። የዚያን ቀን ከመጽሐፉ ጋር አንድ እስር ሸንኮራ ጨምሮ በሩ ላይ ቆመ።

«ቢላ ላምጣ» አልኩት።

«ሸንኮራ በቢላ? እታለም፣ ፊደሉ ሲገባ መላጡ ወጣ ማለት ነው!»

እንዲህ ተብሎ ማን ዝም ይላል? እንደ ልጅነቴ በፊት ጥርሴ ነክሼ ልጣጩን ወደ ታች ሳብኩት። አንጓው ላይ ስደርስ ቀጭ አለ። ሸንኮራው መስሎኝ ማኘኬን ቀጠልኩ። ምላሴ ስለት ነገር ሲነካት ነው የገባኝ፤ ከላይኞቹ ከሁለቱ የፊት ጥርሶቼ የግራው ጫፉ ተሸርፏል። ሾፌሩ የተረፈውን ሸንኮራ ከእጄ ነጥቆ፣ ጥፋተኛው አገዳው ይመስል መሬት ላይ ወረወረው።

በማግስቱ ማዳም ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝና ራሳቸው ውጭ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሐኪሟ በቅርቡ ከፈረንሳይ የመጣች፣ እጇ ቀላል፣ ሳቂታ ወጣት ናት። «አይነቀልም፣ መርፌም የለውም። የጎደለውን እንለጥፍበታለን» አለችኝ። በመጀመሪያ ጥርስ የሚመስሉ ናሙናዎችን ከጥርሴ ጋር እያስጠጋች ቀለሜን ፈለገች። መስታወት ይዤ አብሬያት መረጥኩ፤ ሁለት ጊዜ «ይሄ ነጣ» ብዬ አስመለስኳት። ከዚያ ጥርሱን አድርቃ፣ ማጣበቂያው እንዲይዝ የሚያሻክር ሰማያዊ ነገር ቀብታ አጠበችው። ቀጥላም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ሙሌት በስሱ እየደራረበች፣ በየድርቡ ሰማያዊ ብርሃን ታበራበታለች። ብርሃኑ የነካው ሊጥ እዚያው ድንጋይ ይሆናል። በመጨረሻ ሞርዳ ወለወለችው። ቅንጣት አላመመኝም፤ እንዲያውም እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው እጅ ላይ መውደቄ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

መስታወቱን ተቀበልኩ። ስብራቱ የለም፤ የቱ ጋ እንደነበረ ራሴም መለየት አቃተኝ።

ፍንጭቴም የለም።

«ከሁለቱም ጎን በስሱ ጨምሬ ያቺንም ክፍተት ዘጋሁልዎ» አለችኝ፣ በደስታ እያበራች። «ይኼኛው የኔ ስጦታ ነው!»

ገበያ ላይ ምርቃት የምንለው መሆኑ ነው። በፊት ጥርስ መሀል ያለ ክፍተት በኛ ዘንድ ውበት መሆኑን ከየት ትወቅ? ልጅ ሆኜ ቆንጆ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግን መልኬ በተነሳ ቁጥር አንዱ «ፍንጭቷስ!» ይል ነበር። ከመልኬ «የኔ» ብዬ የምኮራባት አንዲት ነገር እሷ ነበረች። እና አመሰገንኩ።

ሁለት ወር እንደዚያው ሆኜ ከረምኩ። ምላሴ ቀኑን ሙሉ ያቺን ቀዳዳ ፍለጋ ትሄዳለች፣ ግድግዳ ትመታለች፣ ትመለሳለች። አርብ አርብ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ስሄድ ጓደኞቼ አፍጥጠው ያዩኛል።

«ፀጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ?» ትላለች አንዷ።

«ኧረ ከስታ ነው» ትላለች ሌላዋ።

ሾፌሩ ግን ሲመለስ አንድ ጊዜ አይቶኝ ከመኪናው ሳይወርድ ጮኸ። «እታለም! ፍንጭትሽስ?»

«ተዘጋች።»

«ማንን አስፈቅደው? መንገድ እንኳ ሲዘጋ አስቀድሞ ይነገራል! ሂጂና ክፈቺልኝ በያት።»

«ስጦታ ይመለሳል እንዴ?»

«አመስግነሻት ሁሉ ይሆናል፣ አውቅሻለሁ!»

ያመጣልኝን መጽሐፍ ተቀብዬው ገባሁ። ለማዳምም አልነገርኳቸውም፤ ጊዜያቸውን ሰውተው የወሰዱኝ እሳቸው ስለሆኑ ውለታ ቢስ የምባል መሰለኝ። የገረመኝ ግን፣ ማዳምም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጥርሴ ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ሳነብላቸው አንዲት የተሰረቀች ፍየል የሰረቃትን ሰው እየተከተለች ፖሊስ ጣቢያ ድረስ እንደሄደች የሚያወራ ወሬ ላይ ደረስን። ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። እኔ አፌን በእጄ ሸፈንኩ።

ማዳም ሳቃቸውን አቆሙ። «ምን ሆንሽ? ተሸርፎ እያለ እንኳ አትሸፍኚውም ነበር።»

ጋዜጣውን አጠፍኩ። «ማዳም፣ ፍንጭቴ እንዲዘጋ አልፈለግኩም ነበር» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ያዘዝሻት?»

«ኧረ እኔ አላዘዝኩም! ተዘግቶ ነው ያየሁት።»

«ወላሂ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «እኛም ዘንድ እኮ ፍንጭት ያላት ሴት ስታልፍ ወንዱ መንገዱን ይስታል! ‹አላህ የሰጣትን ደፍና መጣች› ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ስበግንብሽ ከረምኩ። ደግሞ የራሷ አፍ ነው፣ ምን አገባኝ እያልኩ ምላሴን ስነክስ!»

እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ማዳም እንባቸውን ሳይጠርጉ ስልኩን አነሱ። ሐኪሟ በመጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ እሷም ሳቀች። «የጨመርኩት ነው የሚነሳው፤ ከራሷ ጥርስ የቆረጥኩት የለም። ስብራቱን የሞላሁት እንዳለ ይቆያል። አሁኑኑ ኑ» አለች።

በዚህኛው ጉዞ ማዳም ውጭ አልቀሩም፤ ወንበር ስበው ከራስጌዬ ተቀመጡ። ሐኪሟ በቀጭኑ ሞርዳ መስታወቱን ሰጠችኝ። የፀጉር ስፋት ያህል ተከፍታለች።

«ትንሽ ይቀራል» አልኩ።

ሞረደች። «አሁንስ?»

በምላሴ ለካሁ። «ትንሽ ይቀራል።»

«ይቀራል!» አሉ ማዳም፣ ማን እንደጠየቃቸው እንጃ።

አራተኛው ላይ ምላሴ ሰተት ብላ ገባች። ወደ መኪናው ስንወርድ ደረጃው ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጥርሴን ገልጬ ሰላም አልኩ።

«ሌላ ጊዜ ሁለት ወር እንዳትጠብቂ» አሉኝ ማዳም ቀበቷቸውን እያሰሩ።

«እርስዎም» አልኳቸው።