በመዳፌ ያጠፋሁት ሃያ ስምንት

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የትምህርት ቤት ዕቃ ልገዛ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 ከሚባለው ሰፈር ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከያዝኩት ዝርዝር ላይ እያነበበ ደብተሩን፣ ማስመሪያውን፣ ቀለሙን ሲደረድርልኝ ቆይቶ በመጨረሻ በእጅ የምትያዝ፣ ጠርዟ እንጨት የሆነች ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ከነስፖንጇ አወጣ። እዚህ አገር አርድዋዝ ይሏታል። ጥሩ መሆኗን ሊያሳየኝ ነው መሰለኝ፣ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረባትና ስፖንጇን ውሃ ነከር አድርጎ ጠረገው፤ ያ የረጠበ ጠመኔ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው የባንኮኒውን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ። ሙቀቱ ነው አልኩት። እዚህ ከተማ ለማንኛውም ነገር ሙቀቱን ማሳበብ ይቻላል፣ ማንም አይከራከርም።

ከድሬዳዋ ከመጣን ገና ሁለት ወራችን ነው። ባለቤቴ ዳዊት ወደቡ አጠገብ ወዳለ የትራንዚት ቢሮ ተዛወረና ጓዛችንን ጠቅልለን በባቡር መጥተን ናጋድ ጣቢያ ወረድን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የስምንት ዓመቷ ልጃችን ሊያ የት ትማር? ለዳዊት ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ጥሩ ስም ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን የተሟላ ነው፣ ልጅቷም ፈረንሳይኛውን ድሬዳዋ ጀምራዋለች፣ ታዲያ ምን ቀረ ይለኛል። እኔ ግን የግል፣ የግል እላለሁ። አንድ ቀን ክፍሉ ተማሪ ይበዛበታል እላለሁ፣ በማግስቱ ማራገቢያው አይሠራም እላለሁ፣ በሦስተኛው ቀን መንገዱ ላይ ፍየል ይበዛል ብዬ ዳዊት ፍየል ልጅ ስትበላ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን አልነገርኩትም። ያንን ትምህርት ቤት ከእሱ በፊት አውቀዋለሁ፤ በስምንት ዓመቴ ገብቼበት ወጥቻለሁ፣ የቆየሁትም አንድ ሰዓት አይሞላም።

እኔና እናቴ ጅቡቲ የገባነው በድሮው ባቡር፣ አባቴ ባረፈ በዓመቱ ነበር። እናቴ አንዲት ማዳም ቤት ተቀጠረች፤ ሥራው እዚያው ማደርን የሚጠይቅ፣ ልጅ ይዞ መግባት የማይፈቀድበት ስለነበር እኔን ካርቲየ 5 ለሚኖሩት ለአገሯ ልጅ ለእትዬ ጽጌ ሰጥታኝ አርብ አርብ ብቻ የምትመጣ እናት ሆነች። የእትዬ ጽጌ ቤት ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ሰማያዊ የተቀባ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን የያዘው ፍሪጅ ነበር፣ ምክንያቱም እትዬ ጽጌ ውሃ በላስቲክ እየቋጠሩ፣ በረዶ እያደረጉ ይሸጣሉ። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ሲፈልግ እኔ ጀርባዬን ፍሪጁ ላይ ለጥፌ እቀመጥና ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አብሬው እንቀጠቀጣለሁ። ቁራዎች ጣሪያው ላይ ሲራመዱ ሰው የወጣ እየመሰለኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ያው ነኝ፣ ዕድሜ አልቀየረኝም።

አርብ ሲሆን እናቴ የማዳም ልጆች የጣሉትን ደብተርና የተሰበረ ጠመኔ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች። እሷ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ የፈረንሳይኛውን ቁጥር ግን የማዳም ልጆች ጮክ ብለው ሲያጠኑ፣ እሷ ልብሳቸውን እየተኮሰች፣ ሰምታ ይዛዋለች። ስለዚህ የምታስተምረኝም እንደ ልብስ ተኳሽ ነው፤ አልጋው ላይ ያለውን አንሶላ በመዳፏ እያለሰለሰች፣ እጇን ወዲያና ወዲህ እየመለሰች አን፣ ዱ፣ ትሯ ትለኛለች፣ እኔም እጄን እንደሷ ካላመላለስኩ ቁጥሩ አይመጣልኝም ነበር። በሁለት ወር መቶ ደረስን፣ በሦስተኛው መቀነስ ጀመርን። የእናቴ ሐሳብ አንድ ነበር፤ ኒም ዛፎች ከከበቡት ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልታስገባኝ። ዲሬክተሩ ደግ ሰው ናቸው፣ ወረቀት የሌለውንም ልጅ ፈትነው ካለፈላቸው የእናቱን ስምና የምትኖርበትን ብቻ መዝግበው ይቀበሉታል፣ ክፍያ የሚባል የለም እያሉ ሴቶቹ ያወሩ ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው መመዝገቡ ነው። ያኔ ወረቀት አልነበረንም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ አፈሳ ይፈራል። የአፈሳው መኪና የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ መጀመሪያ የልጆች ጩኸት ይቆማል፣ ቀጥሎ በር በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ የከባድ መኪና ሞተር ይሰማል። አንድ ቀን ከጎናችን የምትኖረውን፣ ፀጉሬን የምትሠራልኝን ሰናይትን ልብስ እያጠበች ሳለ ወሰዷት። እኔ ፍሪጁ ጀርባ ነበርኩ። ስወጣ መኪናው ሄዷል፣ ሳፋው እዚያው ነው፣ አረፋው ገና አልጠፋም፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማዋ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እትዬ ጽጌ ልብሷን አለቅልቀው አሰጡት፣ ሲደርቅ አጥፈው አስቀመጡት፣ የሚወስደው ሰው ግን አልመጣም። ያን ዕለት ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ስሚኝ ልጄ፣ የእናትሽን ስም ለማንም እንዳትናገሪ። ስሟ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቀን መኪናው እሷንም ፈልጎ ይመጣል» አሉኝ። ከክፋት አልነበረም፤ ደጅ ደጅ ማለት ስለማበዛ ሊያስፈራሩኝ ብለው ነው። እኔ ግን አደራቸውን ከሚገባው በላይ ጠበቅኩላቸው።

የፈተናው ቀን እናቴ ከማዳም የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምና መጣች። ፀጉሬን ለሁለት ከፍላ ጎነጎነችኝ፣ ቅባቱ ግንባሬ ላይ እስኪወርድ ቀባችኝ፣ መንገዱን ሙሉ ቁጥር እያስቆጠረች ወሰደችኝ። ወላጅ ውጭ ይጠብቅ ስለተባለ ኒሙ ሥር ቀረች። የዲሬክተሩ ክፍል የረጠበ ጠመኔ ይሸታል። ሰሌዳ፣ አጭር ጠመኔና በቆርቆሮ ክዳን ላይ የተቀመጠ እርጥብ ስፖንጅ ፊቴ አኖሩልኝ፤ ደንቡ ቀላል ነው፣ ጥያቄው ሲነገር መጻፍ፣ ጠረጴዛው በማስመሪያ ሲመታ ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ ማሳየት፣ ከዚያ በስፖንጅ ማጥፋት። የመጀመሪያውን ጠየቁኝ፣ ጻፍኩ፣ ማስመሪያው ጠቅ አለ፣ አሳየሁ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፈገግ አሉ፣ ልክ ነው አሉኝ። ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው ወፍራም መዝገብ አወጡና ገለጡት፣ የብዕራቸውን ክዳን ነቀሉ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «እናት ስም ማነው?» አሉኝ።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። በመስኮቱ እናቴ ትታየኛለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ትጠርጋለች፤ እኔ የማየው ግን ሳፋውን ነበር፣ አረፋውን፣ ያቺን ጫማ። ዝም ስላቸው አፍራ ነው ብለው መሰለኝ ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ ፈተናው ተመለሱ። ከአርባ አምስት ላይ አስራ ሰባት ሲቀነስ። እጄ እንደ እናቴ እጅ ወዲያና ወዲህ አለና ሃያ ስምንት ጻፈ። ልክ ነው። ልክ ከሆነ አልፋለሁ፣ ካለፍኩ ስሟ ይጻፋል፣ ከተጻፈ መኪናው ይመጣል። ስፖንጁን የማነሳበት ጊዜ አልነበረኝም፤ በመዳፌ ጠርጌ አጠፋሁትና ማስመሪያው ሳይመታ ሠላሳ ሁለት ጻፍኩበት። ቀጥለው የመጡትንም እንዲሁ አደረግኋቸው፤ እጄ ልኩን ይጽፋል፣ እኔ በመዳፌ አጠፋለሁ፣ ስህተቱን እጽፋለሁ። ዲሬክተሩ ረጅም ጊዜ አዩኝና ምንም ሳይጽፉ መዝገቡን ዘጉት። በሕይወቴ እንደዚያ ያሳረፈኝ ድምፅ የለም። እናቴን ለከርሞ ሞክሩ አሏት፣ እሷም አመስግና እጄን ይዛ ወሰደችኝ፤ ደጃፋችን ስንደርስ አንድ የላስቲክ ውሃ ቀድዳ እጄን አጠበችኝ።

ለከርሞ የተባለው አልመጣም። እናቴ ካለ ትምህርት አትቀሪም ብላ የግል አስገባችኝ፤ አርሂባ ሰፈር ውስጥ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነው፣ አስተማሪው አንድ፣ ማራገቢያውም አንድ። ማራገቢያው የሚነፍሰው ወደ አስተማሪያችን ወደ ጋሽ ታደሰ ብቻ ስለነበር መልሱን የሚያውቀውም የማያውቀውም ልጅ ፊት ለመውጣት ይሽቀዳደም ነበር። ጋሽ ታደሰ የማንንም እናት ስም አይጠይቁም። ወደድኳቸው፤ ይህን የምጽፍበትን ፊደል የሰጡኝም እሳቸው ናቸውና አልክድም። ግን ትምህርት ቤቱ ክፍያ አለው፣ የእናቴ ደመወዝ ደግሞ ከእኔ ምግብና መጠለያ አያልፍም። ሦስት ወር እንደተማርኩ አንድ ማክሰኞ በቀትር መጣች፤ ከፈተናው ቀን በቀር አርብ ባልሆነ ቀን መጥታ አታውቅም። በጀልባ ወደ የመን ከሚሻገሩት ጋር ልሄድ ነው፣ ከዚያ ወደ ሳውዲ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ለትምህርትሽ ስል ነው አለችኝ።

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ መልሰሽ ውሰጂኝ፣ ክፍያ ወደሌለበት ውሰጂኝ፣ ሃያ ስምንት ነው ልላት። ከተናገርኩ ግን ስሟ ይጻፋል። ከመኪናውና ከባሕሩ የትኛው እንደሚከፋ የስምንት ዓመት ልጅ በምን ታውቃለች? የባሕሩን ክፋት አላየሁም፣ የመኪናውን ግን አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ግንባሬን ሳመችኝ፣ ነጠላዋን ተወችልኝ፣ ከተማው በር ዘግቶ በተኛበት ሰዓት በባዶው መንገድ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ወሬዋ እስኪመጣ የቆየሁባቸውን ቀናት አሁንም ማስታወስ አልወድም። ጀርባዬን ፍሪጁ ላይ ለጥፌ በፈረንሳይኛ እስከ መቶ እቆጥራለሁ፣ መቶ ስደርስ ሰው መጥቶ ደህና ደርሳለች የሚል ይመስለኛል፣ ማንም ሳይመጣ ሲቀር እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ውሃ ሊገዛ በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ መርዶ ይዞ የመጣ እየመሰለኝ እደበቃለሁ። እትዬ ጽጌ ሳይቀሩ ፈርተው ነበር፤ ከሬዲዮናቸው ጋር ተጣልተው ሰነበቱ፣ ስለ ባሕር ሲያወራ ይዘጉታል። ደህና መድረሷ ተሰማ፣ ተመስገን፤ አንድ ዓመት የተባለው ግን ሰባት ሆነ። በመካከሉ እትዬ ጽጌ እኔን ይዘው ድሬዳዋ ገብተው ነበር፤ አውቶቡስ ተራ ልቀበላት ስሄድ አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከአውቶቡሱ ወርዳ፣ አይታኝ፣ በአጠገቤ አልፋኝ ሄደች፤ ዓይኗ የሚፈልገው የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

ከሱቁ በተመለስኩ ዕለት ሰሌዳዋን ፊቴ አስቀምጬ ድሬዳዋ ደወልኩላት። ሊያ የት ልትገባ ነው ብላ ስትጠይቀኝ ያ ሁሉ ዓመት የያዝኩት ነገር ሳላስበው ወጣ፤ መዝገቡን፣ ብዕሩን፣ እትዬ ጽጌ ያሉኝን፣ ሃያ ስምንቱን።

«አውቃለሁ» አለች። «እጅሽን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? በስፖንጅ እንደሚጠፋ ከማዳም ልጆች አይቻለሁ፤ ያንቺ መዳፍ ግን ጠመኔ ብቻ ነበር። አውቀሽ እንዳጠፋሽው ያኔውኑ ገባኝ።»

ታዲያ ለምን መልሰሽ አልወሰድሽኝም አልኳት።

«ፈርቼ ነዋ። ኒሙ ሥር ቆሜ ስሜ ተጻፈ አልተጻፈ እያልኩ ነበር የምንቀጠቀጠው። ወደቀች ሲሉኝ እፎይ አልኩ፤ እናት ሆኜ እፎይ አልኩ። አንቺን ምን ብዬ ልቆጣ?» ቀጥላም፣ «ልጅቷን ግን እንዳታስፈሪያት፤ እኔና አንቺ የፈራነው ይበቃታል» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሊያን ወሰድኳት። ኒሞቹ አድገዋል፣ ግቢው ግን የማስታውሰውን ያህል ሰፊ አይደለም። ሊያ ሰሌዳዋን ታቅፋ ወደ ፈተናው ክፍል ገባች፣ እኔን አንዲት ጸሐፊ ቅጽ ሰጥታ ሙይ አለችኝ። የተማሪዋ ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም ይላል። ጽፌ ቀና ስል ጸሐፊዋ መታወቂያዬንና ቅጹን እያስተያየች ይህ ስምሽ አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው። በልጄ የእናት ስም ቦታ ላይ አስካለ ወልዴ ብዬ የእናቴን ስም ከነአባቷ ጽፌያለሁ። ሌላ ቅጽ ለመንኳት፣ እየተነጫነጨች ሰጠችኝ፤ የተበላሸውን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሊያ እየሳቀች ወጣች። መዳፏን ገልብጬ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ያልኖርናቸውን ሰባት ዓመታት አሰብኳቸው፤ የሦስት መቶ ስልሳ ያህል አርቦች፣ የወለቁ ጥርሶቼ፣ ማንም ያልጎነጎነው ፀጉሬ፣ አውቶቡስ ተራ ላይ እያየችኝ ያላየችኝ እናቴ። የልጄን እጅ ይዤ ወደ በሩ ወጣሁና፣ ሞኝ ነሽ በሉኝ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ። ፍየሎች ብቻ ነበሩ።