እናቴ ከግራሩ ሥር ያልተነሳች ቀን

ልጅ እያለሁ እናቴን የምፈልጋት ሁልጊዜ ሌላ ሰው በፈለጋት ሰዓት ነበር። በከተማችን በቡልቡላ ባል ሚስቱን መታ፣ ወይ አንዲት ልጅ ሳትፈልግ ልትዳር ነው ከተባለ ሰው የሚሮጠው ወደ እኛ ቤት ነው። እናቴ አዴ ከድጃ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ትወጣለች፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ሐዋሳ የሚወርዱትን ከባድ መኪናዎች አያለሁ። ከአቢጃታ ሐይቅ በኩል ነፋስ ሲመጣ አፌን ጨው ጨው ይለኛል። እናቷ የሞተችባት ልጅና እናቷን አገር የወሰደባት ልጅ ያው ናቸው እያልኩ አለቅስ ነበር።

አንድ ዓመት ግጭት ተነስቶ ብዙ ቤት ተቃጠለ። የጎረቤታችን የፋጤ ባል ሞተ፤ ቤቷም አመድ ሆነ። ነገሩ በርዶ ሰው ፍርስራሹን መጥረግ ሲጀምር፣ የባሏ ወንድም ቦታዋን በእሾህ አጠረና "ወይ አግቢኝ፣ ወይ ልቀቂ" አላት። ወይ ጉድ! የወንድምን ሚስት መውረስ የቆየ ልማድ ነውና ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ። እናቴ ግን ሲንቄዋን ከጓዳ አወጣች። ሲንቄ ሙሽራ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። አንዷ ተበደልኩ ብላ ስትጮህ ሌሎቹም ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ወንዶቹ ለምነውና ክሰው እስኪያስታርቁ ድረስ ማንኛዋም ቤቷ አትመለስም።

ሴቶቹ ከከተማው ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። ሰፈሩ ጭር አለ፤ ያልታለቡት ላሞች ይጮኻሉ። አባቴ ገንፎ አገነፋለሁ ብሎ ጓጎለበት። "ብዪ እንጂ፣ ድንጋይ አይደለም" ይለኛል፤ እሱ ግን አልቀመሰውም። እኔ የእናቴን ትራስ አቅፌ የፀጉሯን ቅቤ አሸታለሁ።

ከዚያ ትኩሳት ያዘኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፤ በቃ አሁን ትመጣለች አልኩ። አባቴ አዝሎ ግራሩ ድረስ ወሰደኝ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ግን አልተነሳችም።

"እማዬ፣ ቤት እንሂድ" አልኳት።

"እኔ ከተነሳሁ ሁሉም ይነሳል፣ የኔ ልጅ። ያኔ ፋጤን ማን ያስጥላታል?" ወደ አባቴ ዞራ "ጤና ጣቢያ አሳያት" አለችው።

በአባቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ዞር እያልኩ አየኋት፤ እሷም እስክንሰወር ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ሰው በሞላበት አገር ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ለልመና እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው፣ የካሳ ጊደር እየነዱ መጡ። የእሾህ አጥሩ ተነሳ፤ ሰውየውም በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀ። እፎይ፣ እናቴ ልትመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ሆዬ ከሴቶቹ ጋር በቀጥታ የፋጤን አዲስ ቤት ልትመርግ ሄደች! ድኜ ስለነበር እኔም ተከተልኳት። ጭቃና ጭድ ስረግጥ ዋልኩ፤ ቢያንስ አጠገቧ ነበርኩ።

አሁን የምኖረው አዳማ ነው፤ እናቴም ካረጀች ወዲህ እኔ ጋ ናት። በልጅነቴ የተመኘሁት ይኸው ሆነልኝ፤ ሙሉ ቀን የኔ ብቻ ናት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያውቃት የለም። መስኮት ሥር ተቀምጣ የባጃጁን ጩኸት ታዳምጣለች፤ ሳናግራት "እ?" ትለኛለች።

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ ከበላያችን አንዲት ሴት ጮኸች። እናቴ ልትነሳ ሞከረች፤ ጉልበቷ እምቢ አላት። ቀና ብላ አየችኝና "ማን ይሂድላት?" አለችኝ።

ወጣሁ። ያኔ አንዲት ሴት ስትጮህ ሰፈር ነቅሎ ይወጣ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ግራና ቀኝ ያሉት በሮች ሁሉ ዝግ ነበሩ፤ ከአንዱ ውስጥ የቴሌቪዥን ሳቅ ይሰማል። የሴትየዋ በር ፊት ቆሜ እጄን ለማንኳኳት ሳነሳ እናቴ ናፈቀችኝ፣ እታች ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ እያለች።