የዘገየው እግር

ተማሪዎቿ ኮስታራዋ ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። ባሕር ተሻግራ በትልልቅ አዳራሾች ፒያኖ ተጫውታለች፤ ስሟ በማታነበው ፊደል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ይህ ሁሉ ግን አንድ ቂሟን አላበረደላትም።

ቂሙ በመጀመሪያ መምህሯ ላይ ነው። ልጅ ሳለች ውጭ አገር ሄዳ ለመማር ጫፍ ደርሳ ነበር። ሰውየው ዳኞቹ ፊት እጇን አንስቶ አሳየና «ይቺ ጣት ለሰርግ ቤት ትበቃለች» ብሎ የወንድሙን ልጅ አስላከ። ዳኞቹ ሳቁ። እሷ በኋላ በራሷ መንገድ ሄደች፤ በሰው አገር የሕንፃ ደረጃ እየጠረገች ተማረች፣ ተወዳደረች፣ አሸነፈች። አበባ ሲሰጧት እንኳ የምታስበው ያንን ሳቅ ነበር። የሰውየውን አንጀት ሲያር በዓይኗ አለማየቷ ይቆጫት ነበር።

ተመልሳ ማስተማር ስትጀምር እሷኑ የዚያው የውጭ አገር ትምህርት ምርጫ ዳኛ አደረጓት። ለቂመኛ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጡታል?

ምርጫው አድልዎ እንዳይኖርበት ተብሎ በመጋረጃ ነው። ተወዳዳሪው ከመጋረጃው ወዲያ ይጫወታል፤ የጫማው ኮቴ እንዳይሰማ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ዳኞቹ የሚያውቁት ቁጥሩን ብቻ ነው። ሁሉም የሚጫወቱት አንድ ዓይነት ሙዚቃ ሲሆን ከዳኞቹ አንዱ እምቢ ካለ ተወዳዳሪው ወደቀ ማለት ነው።

ለኮስታራዋ ግን መጋረጃው ምኗም አልነበረም። የዚያ ሽማግሌ መምህሯ ተማሪዎች አንድ አመል አላቸው፤ መጨረሻ ላይ ጣታቸው ከተነሳ በኋላ እግራቸው ከፒያኖው ሥር ባለው ፔዳል ላይ ትንሽ ይዘገያል፣ ድምፁም መሄድ እንዳልፈለገ እንግዳ በር ላይ ቆም ይላል። ያንን ስትሰማ ትሰርዛለች። ልጆቹ ምን አጠፉ ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ ከዚያ ሳቁ ትዝ ይላትና እርሳሷን ታነሳለች። ሽማግሌው ተማሪ እየሸሸው ነው ሲባል የሰማች ቀን ምሳዋ ጣፈጣት።

ዘንድሮ የራሷም ተማሪ ተወዳድራለች፤ የጫማ ሰፊው ልጅ። እንዲህ ያለ እጅ አስተምራ አታውቅም። ልጅቷ ስትፈራ እንደምትፈጥን ስለምታውቅ በሩጫ የሚጫወት ሰው እየጠበቀች ነበር። አራተኛው ቁጥር ግን ረጋ ብሎ ተጫወተ፣ መጨረሻው ላይም እግሩ ዘገየ።

«የሚገርም ነው» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ቫዮሊን ተጫዋች።

«እኔ አልቀበልም» አለች ኮስታራዋ፤ ሰረዘች፣ ፈረመች።

ስሞቹ ሲነበቡ አራተኛው ቁጥር የጫማ ሰፊው ልጅ ሆነች። ኮስታራዋ ክው አለች።

«ሽማግሌው ዘንድሮ ማንን ነው የላከው?» አለች ቀስ ብላ።

«ያንቺ መምህር? አልጋ ከያዘ ሰነበተ እኮ። ማስተማሩን ከተወ ቆየ።»

«ታዲያ ያ ፔዳል ከየት መጣ?»

ቫዮሊን ተጫዋቿ ሳቀች። «ከየት ይመጣል? ካንቺ ነዋ! ውጭ አገር ያስጨበጨበልሽ ያ የዘገየ እግርሽ አይደል እንዴ?»

ያን ሁሉ ዘመን የተጨበጨበው ለሰውየው እግር ነበር ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ የበለጠ ጠልታው አታውቅም። ውጤቱን ለማስቀየር ለምን እንደሰረዘች መናገር አለባት፤ ከተናገረች ደግሞ እሷም አለቀላት። አፏን ዘግታ ወጣች።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«እርስዎ እንደሚጫወቱት ነው የተጫወትኩት» አለች። «እግርዎን እያየሁ ነበር የተማርኩት። ማነው እምቢ ያለው?»

«ምን ልታደርጊው?»

«አሁንማ ምን አደርገዋለሁ። ብቻ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አንድ ቀን እጄ ይገባል።»

ኮስታራዋ ፊቷን አየችው። ልጅቷ የምሯን ነበር።