የማኅበሬ ሴቶችና የመንጃ ፈቃድ ብሎጌ

ልጄን ከአዲስ አበባ ሮም አመጣኋት እንጂ አብሬያት አልኖርኩም። እኔ ፊሳ ነበርኩ፤ ፊሳ ማለት ሰው ቤት እየሠሩ እዚያው ማደር ነው። ከበዓል ቀን ሌላ ዕረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ስለነበር ልጄ ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር፣ አብሮ አደጌ ቤት ትኖር ነበር። አብሮ አደጌ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ከልጆቿ ለይታ አላየቻትም። እኔ ግን እሑድ አመሻሽ ላይ ልጄን ስሜ ወደ ሥራ ቤቴ እመለስ ነበር። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማደሪያዬ ልጄ ያለችበት እንዲሆን። ለዚያ ደግሞ የቤት ኪራይ የሚችል፣ ዛሬ መጥቶ ነገ የማይቀር ገቢ ያስፈልገኝ ነበር።

የምሠራላቸው ሲኞራ አዲስ አበባ የተወለዱ፣ አባታቸው ጣሊያን እናታቸው ኢትዮጵያዊት የሆኑ ሴት ናቸው። አማርኛቸው የድሮ ነው፤ ቁጣቸውም እንደዚያው። እግራቸው እምቢ ብሏቸው ከወንበር ባይነሱም ድምፃቸው ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብዬ የፈተናው መጽሐፍ ሲያስቸግረኝ አይተው፣ ከእጄ ቀሙኝና አስተማሪዬ ሆኑ። የዚህ አገር የጽሑፍ ፈተና መንዳት የሚችለውን ሳይሆን ጣሊያንኛ ላይ የሚራቀቀውን ለማሳለፍ የተዘጋጀ ነው የሚመስለኝ። ሲኞራ እየጮሁ ያስረዱኛል፤ እኔ የገባኝን እንዳልረሳው በአማርኛ ጽፌ ብሎግ ላይ አወጣዋለሁ።

አንባቢ መጣ። ለካ ስንቱ የአገሬ ሰው ያንኑ መጽሐፍ ታቅፎ ተቀምጧል! ፈተናውን ያለፍኩት በኢንተርኔት በሚሸጥ መለማመጃ ነበር። የሚሸጠው ድርጅት፣ በእኔ ሊንክ ገብቶ የገዛ ሰው በተገኘ ቁጥር ኮሚሽን ይከፍላል ሲባል ሰማሁና ሊንኩን ብሎጌ ላይ አደረግኩት። ከሰው መደበቅ ስለማልወድ ከሥሩ በግልጽ ጻፍኩ፤ በዚህ በኩል ብትገዙ እናንተ ላይ የሚጨመር የለም፣ ለእኔ ግን ጥቂት ይደርሰኛል አልኩ። አልፎ አልፎ አንድ ሰው ይገዛ ነበር። ለአውቶቡስ ቲኬት ቢሆን እንጂ ለቤት ኪራይ የሚሆን አልነበረም።

ያንን ጽሑፍ የማኅበሬ ሴቶች አነበቡት። በወር አንድ እሑድ የምንገናኝበት የማርያም ማኅበር አለን፤ ሁላችንም ሰው ቤት ነው የምንሠራው። የዚያን ወር እኔ ሲኞራ ታመውብኝ ቀርቻለሁ። እነሱ ሆዬ፣ ጸበል ጸዲቁን እንደቀመሱ ስልካቸውን አወጡና ሊንኬን ይጫኑት ጀመር። እህታችን በዚህ የምታገኝ ከሆነ ምን ገዶን ብለው ሲጫኑ ዋሉ። አንዷ ሲደክማት ለሌላዋ ታቀብላለች። ይባስ ብለው፣ መኪና መንዳት ቀርቶ ከፊት ወንበር መቀመጥ የሚፈሩት ሳይቀሩ፣ ካርድ ባላት በአንዷ እህት ካርድ መለማመጃውን ገዙት። ማኅበር እንዲህ ነው፤ የወለደች ስትኖር ትጠየቃለች፣ ያዘነች ስትኖር ይደረስላታል፣ ብሎግ የከፈተች ስትኖር ደግሞ ይጫንላታል።

በማግስቱ ድርጅቱ አካውንቴን ዘጋው። ከአንድ ቤት ይህ ሁሉ መጫን፣ በአንድ ካርድ ይህ ሁሉ ግዢ፣ ማጭበርበር ነው አሉ። የማርያምን ማኅበር ከየት ይወቁት! ደሜ ፈላ። ደውዬ ሴቶቹ ላይ ልጮህ ስል የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ ቀደመችኝ።

"አንቺ፣ ደረሰሽ ወይ? ጣታችን እስኪዝል እኮ ነው የተጫንንልሽ!"

እንዲህ በደስታ ለምትስቅ ሴት ምን ይባላል? ደረሰኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኳትና ማዕድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በልቤ ከልጄ ጋር የገባሁበት ቤት ነበር የተዘጋብኝ።

ሲኞራ ልቅሶዬን ሰምተው ጠሩኝ። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

"አሎራ፣ እንግዲያው ስልኩን ወዲህ በይ" አሉ።

እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍተው ድርጅቱ ዘንድ ደወሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዘዋውሯቸው ቆይተው በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ተገኘ። ያሉትን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

"ሌቦች አይደሉም፤ ዘመዶቿ ናቸው!"

"ሁሉም?" አለ ሰውየው።

"ሁሉም! እኛ አገር ዘመድ እንዲህ ነው።"

ሰውየው ሳቀ መሰለኝ፤ ድምፁ ለዘብ አለ። ገዢዎቹ እውነተኛ ከሆኑ የገዙትን ይጠቀሙበት፣ እኔም አይቼ እወስናለሁ አላቸው። ሲኞራ ስልኩን ሰጡኝና "ሰማሽ? ንገሪያቸው፤ ይማሩ!" አሉኝ።

ይቀየሙኛል ብዬ እየፈራሁ ለማኅበሩ ነገርኩ። ከዚያ ሙሴዋ ነጠላዋን አስተካክላ "ቫ ቤኔ፣ ይሁን፤ እኛው የዘጋነውን እኛው እናስከፍታለን" አለች። በቃ፣ ማኅበራችን ትምህርት ቤት ሆነ። ዳቦው እየተቆረሰ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ ያለው የትኛው ነው በሚል ይጨቃጨቁ ጀመር። አንዲት እናት ግን "እኔ ሁሉንም አሳልፌ ነው የምሄድ፤ ምን አስቸኮለኝ?" ብለው እስከ መጨረሻው ጸኑ።

አካውንቴ ተከፈተ። ከሴቶቹም ፈተናውን ያለፉ ተገኙ። ያለፈችው ሁሉ ሚላኖ ላለ ወንድሟ፣ ቦሎኛ ላለች የአክስቷ ልጅ እየደወለች ብሎጌን አወራችልኝ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር መንጃ ፈቃድ ፈላጊ አይጠፋም፤ አንዴ የጻፍኩት እኔ ልብስ ስተኩስም ይነበባል። እነሱን ልጮህባቸው ነበር እኮ! ጣታቸውን እግዜር ይባርከው እላለሁ ዛሬ። ገቢው ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የኪራይ ያህል ሲመጣ ቶር ፒኛታራ አንዲት ትንሽ ቤት አገኘሁ።

ለሲኞራ መንገሩ ግን ከበደኝ። ያን ሁሉ አድርገውልኝ እንዴት ጥዬዎት ልሂድ ይባላል? ራሳቸው ጀመሩት።

"ቤት አግኝተሻል፤ ፊትሽ ያስታውቃል። የኔ ልጆች ሩቅ ናቸው። ያንቺ ልጅ ግን አውቶቡስ የሚያደርስበት ናት፤ ሂጂ። ቀን ቀን ነይልኝ፣ የምቆጣው ሰው እንዳላጣ።"

"እሺ፣ እየመጣሁ ይቆጡኛል" አልኳቸውና እጃቸውን ሳምኩ። እስከ ዛሬም እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ይቆጡኛል።

አዲሱ ቤት በገባን በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ወተት አፈላ ነበር። ልጄ ዓይኗን እያሸች መጣችና እኔን ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?"

"በዓል አይደለም፤ ሰኞ ነው" አልኳት።

ቀረብ ብላ ቀሚሴን ያዘች። "ነገስ ትኖሪያለሽ?"

"ነገም አለሁ" አልኳት።